ሠላሳ ሰባተኛዋ ደቂቃ
ዘጋቢ ፕሮግራም ለሬዲዮ

(ድምፅ፦ ከበሮ፣ የተመልካች ጩኸት፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦

በካንሳስ ሲቲ ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሆኗል፤ ዕለቱም እሁድ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የነቢያት ጾም የሚገባበት ቀን ነው። እዚህ ቅዳሴ ለመድረስ ነጠላ ተጣፍቶ ከቤት በሚወጣበት ሰዓት፣ እዚያ ሚዙሪ ወንዝ ዳር 11,500 ሰው ስታዲየም ገብቶ ቦታ ቦታውን ይዟል። ባዶ ወንበር የለም።

11,500 ሰው ብዙ አይደለም፤ ለአንድ የደርቢ ጨዋታ አዲስ አበባ ስታዲየም ይጎርፍ የነበረው ሕዝብ እንኳ ከዚህ ይበልጥ ነበር። ይህ ሜዳ ግን የሴቶች ፕሮፌሽናል ክለብ እንዲጫወትበት ተብሎ ከመሠረቱ የተሠራ የመጀመሪያው ስታዲየም ነው። የተከፈተው በዚያው ዓመት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ማርች ወር ላይ ነበር፤ ከዚህ በኋላ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ በፊት የአሜሪካ ሴት ተጫዋቾች በወንዶች ክለብ ሜዳ፣ ሲብስም በቤዝቦል ሜዳ ላይ በእንግድነት ነበር የሚጫወቱት።

የቤቱ ባለቤት ካንሳስ ሲቲ ግን ለድግሱ አልደረሰም። ከ6 ቀን በፊት በግማሽ ፍጻሜው ተሸንፎ ወጥቷል። በአሜሪካ የሴቶች ብሔራዊ ሊግ ፍጻሜ የሚገናኙት ኦርላንዶ ፕራይድና ዋሽንግተን ስፒሪት ናቸው፤ በደረጃ ሰንጠረዡ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው የጨረሱት።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

ይህ ትረካ ሲታሰብ የማርታ ታሪክ ይሆናል ተብሎ ነበር። ያን ምሽት ቴሌቪዥን ከከፈተው ከ900,000 የሚበልጥ አሜሪካዊ ተመልካች ውስጥም ስንቱ እሷን ብሎ እንደተቀመጠ መገመት ይቻላል። 38 ዓመቷ ነው። የኦርላንዶ አምበል ናት። ብዙ ነገር አሸንፋለች፤ ይህን ዋንጫ ግን ነክታው አታውቅም።

ማርታ ቪዬራ ዳ ሲልቫ በ1986 በብራዚል ሰሜን ምሥራቅ፣ ዶይስ ሪያሾስ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ተወለደች። በአገሯ ሴት ልጅ ኳስ እንዳትጫወት በ1941 በሕግ ተከልክሎ ነበር። ክልከላው የተነሣው በ1979 ነው፤ ማርታ ከመወለዷ 7 ዓመት ቀደም ብሎ። ሕጉ ቢሻርም የሰፈሩ አፍ አልተሻረም። ከወንዶች ጋር ኳስ የምታሳድድ ልጅ በዚያ አካባቢ የምትሰማው ምን እንደሆነ፣ በእኛም ሰፈር ኳስ ይዛ የወጣች ሴት ልጅ ሁሉ ታውቀዋለች። በ14 ዓመቷ አውቶቡስ ተሳፈረች። ሦስት ቀን ተጉዛ ሪዮ ደ ጃኔሮ ደረሰችና በቫስኮ ዳ ጋማ ክለብ ተሞከረች። አለፈች።

የቀረውን ዓለም ያውቀዋል። ስዊድን ሄዳ በ2004 የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደች። 6 ጊዜ የዓለም ምርጥ ተባለች። በዓለም ዋንጫዎች 17 ግብ አስቆጠረች፤ እስከዚያ የካንሳስ ሲቲ ምሽት ድረስ ከሴቱም ከወንዱም በዚህ የበለጣት አልነበረም።

አሜሪካ ግን አታስቀምጥም ነበር። በ2009 መጣች፤ በሦስት ዓመት ሦስት ክለብ ቀየረች። በ2010 ጎልድ ፕራይድ ከሚባል የካሊፎርኒያ ክለብ ጋር ሻምፒዮን ሆነች፤ ክለቡ ዋንጫውን ባነሣ በሁለት ወር ውስጥ ፈረሰ። በ2011 ዌስተርን ኒውዮርክ ፍላሽን ይዛ እንደገና ሻምፒዮን ሆነች፤ አሁን የፈረሰው ሊጉ ራሱ ነው። ከዚያ በፊትም በ2001 የተጀመረ ሌላ ሊግ ሦስት ዓመት ብቻ ነበር የቆየው። በ2013 ሦስተኛው ሙከራ በ8 ክለቦች ሲጀመር ለተጫዋች የሚከፈለው ዝቅተኛ ደመወዝ ለአንድ የውድድር ዘመን 6,000 ዶላር ነበር። ለወር አይደለም፤ ለውድድር ዘመን።

ማርታ ወደዚህኛው ሊግ የመጣችው በ2017 ነው፤ ወደ ኦርላንዶ። እዚያው ቀረች። 7 ዓመት ያለ ዋንጫ። በ2022 የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ዓመቱን ሙሉ ከሜዳ ራቀች፤ በዚያው ዓመት የክለቡ ዋና አሠልጣኝ ከምርመራ በኋላ ተሰናበተች። ረዳት የነበረው እንግሊዛዊው ሴብ ሃይንስ ቦታውን ተረከበ። በ2023 ኦርላንዶ ጥሎ ማለፉ ውስጥ ሳይገባ የቀረው በግብ ልዩነት ነው።

በ2024 ግን ሌላ ቡድን ሆኖ መጣ። ከመክፈቻው ጀምሮ 23 ጨዋታ ሳይሸነፍ ተጓዘ። ከ26 ጨዋታ 60 ነጥብ ሰበሰበ፤ በወቅቱ የሊጉ ክብረ ወሰን። እንግሊዛዊቷ ግብ ጠባቂ አና ሙርሃውስ በ13 ጨዋታ መረቧን አላስደፈረችም፤ እሱም በወቅቱ ክብረ ወሰን ነበር። በአሜሪካ ልማድ ሰንጠረዡን የመራ ክለብ አንድ ሽልማት ይወስዳል፤ ትልቁ ዋንጫ ግን ከዚያ በኋላ በ8 ክለቦች ጥሎ ማለፍ ይለያል። ዓመቱን ሙሉ አንደኛ የነበረ ቡድን በአንድ መጥፎ ምሽት ባዶ እጁን ሊገባ ይችላል።

(ድምፅ፦ የኦርላንዶ ደጋፊዎች ዝማሬ)

እዚህ ላይ ትረካው ለአንድ ግብ ይቆማል።

ኅዳር 8፣ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ፣ ኦርላንዶ። ካንሳስ ሲቲ ቀድሞ አግብቷል፤ ኦርላንዶ አቻ ሆኖ ከዚያም መርቷል። ውጤቱ 2 ለ 1 ነው። ሰዓቱ 82ኛው ደቂቃ። በዚህ ሰዓት የ38 ዓመት ተጫዋች የሚጠበቅባት ኳሷን ወደ ማዕዘን ወስዳ ሰዓት መግደል ነው፤ ወይም ለመቀየር ወደ መስመሩ ማየት። ማርታ ኳስ ይዛ ወደ ግቡ ተነሣች።

አንዷን ተከላካይ አለፈቻት። ሌላዋ ስትደርስባት ኳሷ ከእግሯ ሥር የለችም። ሳጥን ውስጥ ስትገባ ግራ እግሯን ለመምታት አነሣች፤ አልመታችም። በእኛ ሰፈር አብዶ የሚባለው ይኸው ነው። ለመከላከል የተንሸራተተችው በባዶ ሣር ላይ አለፈች። ጀርመናዊቷ ግብ ጠባቂ አልሙት ሹልትም ልትይዝ ወደቀች፤ የያዘችው አየር ነው። ማርታ አንድ ጊዜ ቆመች ማለት ይቻላል። ሌሎቹ ሁሉ መሬት ላይ ሆነው እሷ ብቻ በእግሯ ቆማለች። ከዚያ ኳሷን መረብ ውስጥ አኖረቻት።

የ82ኛው ደቂቃ እግር አይመስልም። በልጅነቱ የጨርቅ ኳስ እያንከባለለ በጠባብ ግቢ ውስጥ ታላላቆቹን የሸወደ ሰው፣ ይህ ጥበብ በአሠልጣኝ ሰሌዳ ላይ እንደማይሣል ይገባዋል። ካንሳስ ሲቲ መጨረሻ ላይ አንድ ቢያገባም ጨዋታው 3 ለ 2 አለቀ።

ሌላም ጉድ አለ። ፊፋ በዚያ ዓመት ለሴቶች ምርጥ ግብ የሚሰጥ አዲስ ሽልማት አቋቁሞ በማርታ ስም ጠራው። ከወር በኋላ የመጀመሪያዋ አሸናፊ ይፋ ስትሆን ማርታ ሆና ተገኘች። ያውም በዚህ ግብ አይደለም፤ ለብራዚል ጃማይካ ላይ ባስቆጠረችው በሌላ ግብ ነው።

(ሙዚቃ)

ወደ ካንሳስ ሲቲ፣ ወደ ፍጻሜው።

ተጋጣሚው ዋሽንግተን ስፒሪት በ2021 ይህን ዋንጫ ወስዷል። ሜዳው ኦዲ ፊልድ በዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ ሐበሻ እጅግ ከበዛባቸው ከተሞች በአንዷ። በዚያው ሜዳ፣ በ2024 በተጀመረ በሌላ ሊግ፣ ዲሲ ፓወር የተባለው ክለብ የዱራሜዋን ልጅ ሎዛ አበራን አስፈርሟል። ስለዚህ በዚያች ሌሊት ልቡ ከስፒሪት ጋር የነበረ አማርኛ ተናጋሪ አይጠፋም።

ስፒሪት ሲመጣ ተጎድቶ ነው የመጣው። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ክሮይ ቤቱን የለችም። በኦገስት መጨረሻ በከተማዋ የቤዝቦል ክለብ ጨዋታ ላይ የመክፈቻዋን ኳስ በክብር እንድትወረውር ተጋበዘች፤ ከዚያ ግብዣ ጉልበቷ ተጎድቶ ተመለሰች። በኳስ ሜዳ ሳይሆን በግብዣ። ቢሆንም ቡድኑ በሩብ ፍጻሜው ቤይ ኤፍሲን በተጨማሪ ሰዓት ጣለ፤ በግማሽ ፍጻሜው ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን ጎተምን በፍጹም ቅጣት ምት አሰናበተ። ግብ ጠባቂዋ ኦብሪ ኪንግስበሪ ሦስት ምት አድናለች።

ፊሽካው ተነፋ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የመፈራራት ነው። ስፒሪት ኳሷን ይዟል፤ የክለቡ አጥቂ ትሪኒቲ ሮድማን በመስመር በኩል ትሞክራለች። ኦርላንዶ ተሰብስቦ ይጠብቃል። ማርታ መሀል ላይ ታዛለች፣ ታመለክታለች፣ ትጮኻለች።

37ኛው ደቂቃ። የኦርላንዶዋ አማካይ አንጀሊና ኳሷን በቀኝ በኩል ለአጥቂዋ ሰደደችላት። አጥቂዋ ከእንግሊዛዊቷ ተከላካይ ከኤስሚ ሞርጋን ጋር ለብቻዋ ተፋጠጠች። ወደ ውስጥ ቆረጠች። በግራ እግሯ መታች። ኪንግስበሪ ተወርውራ አልደረሰችም።

(ድምፅ፦ ጩኸት)

1 ለ 0። አጥቂዋ ባርብራ ባንዳ ናት፤ የ24 ዓመት ወጣት፣ የዛምቢያ ብሔራዊ ቡድን አምበል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከበባ ነው። ስፒሪት በጨዋታው 26 ጊዜ ወደ ግብ ሞከረ፤ ኦርላንዶ 9 ጊዜ። ከ26ቱ አንዷም መረብ አላየችም። ሙርሃውስ መለሰች፣ ተከላካዮቹ በአካላቸው ጋረዱ፣ ሌላው ወደ ውጭ ሄደ። የመጨረሻው ፊሽካ ሲሰማ ማርታ አለቀሰች። ሴብ ሃይንስ ይህን ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ሆነ። ዋንጫው ወደ አምበሏ እጅ መጣ፤ ከፍ አደረገችው።

ትረካው እዚህ ላይ ቢያበቃ ያምር ነበር። የእንባው ድምፅ ተቀርጿል፣ ዋንጫውም አለ፤ አሮጌ ባለውለታ ዘግይቶ ሲከፈለው ማየት ደግሞ የሁሉንም ልብ ይነካል። ነገር ግን የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተብላ የተጠራችው ማርታ አይደለችም። ሩብ ፍጻሜ ላይ ያገባችው፣ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ያገባችው፣ ፍጻሜውን የወሰነችው ባንዳ ናት። በሦስት ጨዋታ አራት ግብ። ስለዚህ የቀረው ሰዓት የእሷ ነው።

(ሙዚቃ ይቀየራል)

ባርብራ ባንዳ በ2000 በሉሳካ ተወለደች። ቦክሰኛም ነበረች፤ ከጓንቲና ከታኬታ መምረጥ ግድ ሲሆን ታኬታውን መረጠች። በ18 ዓመቷ ስፔን ለሎግሮኞ ክለብ ተጫወተች፣ ከዚያ ቻይና ሻንጋይ ገባች። ዓለም ስሟን የሰማው በቶኪዮ ኦሎምፒክ በ2021 ነው። ዛምቢያ በኔዘርላንድስ 10 ለ 3 ተደበደበች፤ ሦስቱንም ያገባችው ባንዳ ናት። ከሦስት ቀን በኋላ ከቻይና ጋር 4 ለ 4 ተለያዩ፤ ባንዳ እንደገና ሦስት። በኦሎምፒክ የሴቶች እግር ኳስ በተከታታይ ጨዋታ ሐትሪክ የሠራች የመጀመሪያዋ ሆነች። በፓሪስ ኦሎምፒክ ደግሞ አውስትራሊያ ላይ ሦስተኛውን ሐትሪክ ሠራች፤ ቡድኗ 6 ለ 5 ተሸነፈ። ሐትሪክ ሠርቶ በተደጋጋሚ አለማሸነፍ የእሷ ዕጣ ይመስል ነበር።

በሁለቱ ኦሎምፒኮች መካከል ሌላ ነገር ሆነ። በ2022 የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ በሞሮኮ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው የዛምቢያ አምበል ከቡድኑ ወጣች። አልተጎዳችም። የአገሪቱ እግር ኳስ ማኅበር ጉዳዩን ከጾታ ማረጋገጫ መስፈርት ጋር አያያዘው፤ ነገሩ በሰውነቷ ካለው የሆርሞን መጠን ጋር የተያያዘ መሆኑ ተነገረ። ኦሎምፒክ ያላገዳትን ሴት የራሷ አህጉር ውድድር ሳያያት ቀረ። ጓደኞቿ ያለ እሷ ሦስተኛ ወጥተው ዛምቢያን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አበቁ። በ2023 በዚያ ዓለም ዋንጫ ላይ ባንዳ ተሰለፈች፤ ኮስታ ሪካ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት ያገባችው ግብ በሴቶች ዓለም ዋንጫ ታሪክ 1,000ኛዋ ሆና ተመዘገበች።

ኦርላንዶ በማርች 2024 ከሻንጋይ የወሰዳት በ740,000 ዶላር ነው። በሴቶች ዝውውር ታሪክ እስከዚያ ሁለተኛው ትልቅ ዋጋ ነበር። አንደኛው የሌላ ሰው አይደለም፤ ከጥቂት ሳምንት በፊት ከስፔን ወደ ቤይ ኤፍሲ የሄደችው የሬቸል ኩንዳናንጂ ነው። እሷም ዛምቢያዊት ናት። በዚያው ዓመት የሊጉ ኮከብ ተጫዋች የተባለችው፣ በ20 ግብም የግብ ክብረ ወሰን የሰበረችው የካንሳስ ሲቲዋ ቴምዋ ቻዊንጋ የማላዊ ልጅ ናት። ለአንድ የውድድር ዘመን 6,000 ዶላር ይከፍል የነበረ ሊግ በ11 ዓመት ውስጥ ከሉሳካና ከማላዊ ሰው ፍለጋ የሚሄድ ሆኗል።

የዝውውር ዋጋው ክብረ ወሰንም ብዙ ሳይቆይ ተሰበረ። በጃንዋሪ 2025 የእንግሊዙ ቼልሲ የሳን ዲዬጎዋን ተከላካይ ናኦሚ ግርማን በ1.1 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ፤ ሚሊዮን ዶላር የተሻገረች የመጀመሪያዋ ሴት። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው። ኳስ የጀመረችው ካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ውስጥ፣ አባቷ የኢትዮጵያውያንን ልጆች ሰብስበው በሚያጫውቱበት «ማለዳ» በተባለው ቡድን ነው። በፓሪስ ኦሎምፒክ ፍጻሜ አሜሪካ ብራዚልን 1 ለ 0 ስታሸንፍ ከኋላ የቆመችው ናኦሚ ነበረች፤ በሌላው ወገን ተቀይራ የገባችው ማርታ። የኦገስቱ የብር ሜዳሊያ የማርታን የኅዳር ዋንጫ ጥማት ሳያባብሰው አልቀረም።

(ለአፍታ ጸጥታ)

ከፍጻሜው ሦስት ቀን በኋላ ሌላ ዜና መጣ። ቢቢሲ በሕዝብ ድምፅ የሚያስመርጠውን የዓመቱን ምርጥ ሴት እግር ኳስ ተጫዋች ይፋ አደረገ፤ ባርብራ ባንዳ። ደስታው አንድ ቀን አልዋለም። የ2022ቱ ወሬ ከተቀበረበት ወጣ። ኳስ ተመልክተው የማያውቁ ሰዎች፣ ታዋቂ ደራሲም ጭምር፣ በማኅበራዊ ገጽ ላይ ሴትነቷን ፍርድ ቤት አቆሙት። ሴት ሆና ተወልዳ ሴት ሆና ያደገች ልጅ በሽልማቷ ቀን ማንነቷን እንድታስረዳ ተጠየቀች። በቀጣዩ የውድድር ዘመን በማርች 2025 ከሜዳቸው ውጭ በተደረገ ጨዋታ ከተመልካች መካከል ስድብ ተሰነዘረባት።

እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገር አለ። ገበያው እግሯን ሲፈልግ 740,000 ዶላር ከፈለ፤ ማንም ምርመራ አላነሣም። እግሯ ዋንጫ ሲያመጣ፣ ፎቶዋ ሲወጣ፣ ያን ጊዜ ጥያቄው መጣ። ባንዳ ስለዚህ ብዙ አትናገርም። በተሰበሰቡት ቃለ መጠይቆች ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ዝግ ያለ ነው፤ ስለ ቡድኗ፣ ስለ አገሯ፣ ስለሚቀጥለው ጨዋታ። ማርታ ግን በኦርላንዶ መልበሻ ክፍል ውስጥ ከጎኗ የምትቀመጥ አምበል ናት፤ ሴት ኳስ መጫወቷ ራሱ ወንጀል ከነበረበት አገር የመጣች። የሁለቱን ታሪክ በአንድ ትረካ ያሰረው 37ኛው ደቂቃ ብቻ አይደለም።

(ድምፅ፦ የራባት ስታዲየም)

ጁላይ 5 ቀን 2025። የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ እንደገና ሞሮኮ ላይ ተከፈተ። የመክፈቻው ጨዋታ ሞሮኮ ከዛምቢያ ነው፤ በራባት፣ በባለቤቷ አገር ደጋፊ ፊት። ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ አገር ከቡድኑ የወጣችው ባርብራ ባንዳ በቋሚ አሰላለፍ ውስጥ አለች። ጨዋታው በመጨረሻ 2 ለ 2 ያልቃል።

የመጀመሪያዋ ግብ የባንዳ ናት። የሞሮኮ ግብ ጠባቂ ኳሷን ከመረብ ስታወጣ በሰሌዳው ላይ ያለው ሰዓት ገና አንድ ደቂቃ አልሞላም ነበር።